የቆዩ የአማርኛ ፋይሎች ሲከፈቱ ለምን አይነበቡም?

የመንግሥት አገልግሎቶች ወደ ኦንላይን እየተሸጋገሩ በመምጣታቸው ተገልጋዮች የመመሥረቻ ጽሑፍን፣ የመተዳደሪያ ደንብንና ቃለ ጉባኤን በሶፍት ኮፒ እንዲያቀርቡ መጠየቃቸው እየተለመደ ነው። ከዓመታት በፊት የተጻፈው ፋይል ከአሮጌ ኮምፒዩተር ወጥቶ ሲከፈት ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድርድር ነው። በቫይረስ ተበላሽቷል ብሎ የሚያጠፋው ባለቤት ጥቂት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፋይሉ ጤነኛ ነው።

ምክንያቱ ከፊደሉ ብዛት ጋር የተያያዘ ነው። ቀደም ባሉት ኮምፒዩተሮች አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ምልክት ሲሆን፣ የግዕዝ ፊደል ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከዚህ ይበልጣል። በመሆኑም እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች የቀድሞ እትሞች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ አስቀመጡት። ፊደሉን ለተለያዩ ፎንቶች ያከፋፈሉ ነበሩ፤ «ኢ»ን የ«አ» ቅርጽና የሳልስ ምልክት አድርገው በሁለት ኮድ የገጣጠሙም ነበሩ። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ፊደል ነው፤ አማርኛ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ አማርኛውም የለም።

ዩኒኮድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶች ቋሚ ቁጥር ሰጠ። ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የተባለውን የዩኒኮድ ፎንት ይዞ ቀረበ። የጽሕፈት ልማድ ግን በአንድ ጀምበር አይለወጥምና፣ ከዚያ በኋላም በአሮጌዎቹ ፎንቶች ብዙ ተጽፏል።

ፋይሉን ከዶክ ወደ ዶክኤክስ መለወጥ ወይም በሊብሬ ኦፊስ መክፈት ችግሩን አይፈታም፤ የሚለወጠው መያዣው እንጂ ፊደሉ አይደለም። ፒዲኤፍ ማድረግ ደግሞ ይበልጥ ያታልላል። ሰነዱ በዓይን ሲታይ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ በውስጡ ስም ሲፈለግ ግን አይገኝም፤ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌርም ትርጉም የሌለው ድምፅ ያሰማል።

ወደ ዩኒኮድ ለማስለወጥ የሚሹ ተገልጋዮች ከሁሉ በፊት የመጀመሪያውን ፋይል ቅጂ ሳይነኩ ማስቀመጥ ይኖርባቸዋል። ጽሑፉን በሙሉ መርጦ ፎንቱን ወደ ኒያላ መቀየር፣ ወይም ገልብጦ ያለ ፎንት ወደሚያስቀምጥ ማስታወሻ ማዛወር ትልቁ ስሕተት ነው። መለወጫው ሶፍትዌር አማርኛውን ከእንግሊዝኛው የሚለየው በፎንቱ ስም ስለሆነ፣ ስሙ ከጠፋ «ኢሜይል» ተብሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈው አድራሻ ሳይቀር ወደ ግዕዝ ፊደል ይለወጣል።

ከተለወጠ በኋላ የሰው ስም፣ የገንዘብ መጠንና ቀን ከታተመው ወረቀት ጋር አንድ በአንድ ይመሳከሩ። ሀ፣ ሐ እና ኀ ተቀያይረው እንደሆነም ይታይ፤ በመታወቂያ ላይ ያለ ስም በአንድ ፊደል ሲለያይ ተገልጋዩን ደጋግሞ ያመላልሳል። ምንነታቸው በማይታወቅ ድረ ገጾች ላይ ውልና የግል ማስረጃ ጭኖ ማስለወጥም አይመከርም።

ሰነዱ ሁለት ሦስት ገጽ ብቻ ከሆነ ከወረቀቱ ላይ እንደገና መተየብ ይፈጥናል። ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ግን ፋይሉ ስለተለወጠ አይጣልም።