«ደኅና ሁን» ወይስ «ደኅና ሁኑ»?

በሙዚቃ ምሽት ፕሮግራሞች ላይ «ሌ ዛዲዩ» እየተባለ የሚታተመው የቤትሆቨን የፒያኖ ሶናታ፣ ደራሲው ያወጣለት ስም ይህ አይደለም። «ዜማው ካማረ ስም ምን ያደርጋል?» የሚሉ አይጠፉም። በዚህ ሥራ ግን ስሙ ከዜማው የሚነጠል አይመስለንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማርች 1809 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሦስት መሳፍንት ቤትሆቨንን ከቪየና እንዳይወጣ ብለው በዓመት 4,000 ፍሎሪን ሊሰጡት ተዋዋሉ። ከሦስቱ አንዱ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ወንድም አርክዱክ ሩዶልፍ፣ የቤትሆቨን የሙዚቃ ተማሪ ነበር። የናፖሌዎን ጦር ሲቃረብ ልዑሉ ሜይ 4 ቀን ከተማውን ለቆ ሄደ፤ መምህሩ ግን ከመድፉ ጋር ቀረ። የሶናታው የመጀመሪያ ክፍል የዚህ ስንብት ነው። ሁለተኛው መለየትን፣ ሦስተኛው ዳግም መገናኘትን ይናገራል፤ ልዑሉም በጃንዋሪ 1810 ተመለሰ።

ቤትሆቨን በመክፈቻዎቹ ሦስት አኮርዶች ላይ «ሌ-በ-ቮል» የሚለውን የጀርመንኛ ቃል ከፋፍሎ ጻፈ። ሦስተኛው አኮርድ ጆሮ የጠበቀውን ማረፊያ ነሥቶ ወደ ኀዘን ያዘነብላል። ቃሉ «አንተ» ለምንለው ሰው የሚነገር ነው። አማርኛችን ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ «ደኅ-ና-ሁን» ብንል ሦስቱን ድምፅ ልክ ይሞላል፤ «ደኅና ሁኑ» ብንል ግን አንድ ይተርፋል። ቤትሆቨን በጽሑፉ ራስ ላይ የልዑሉን ማዕረግ አልነፈገውም። በዜማው ውስጥ ግን ያለው ልዑልና ደመወዝተኛ ሳይሆን ሰውና ሰው ነው።

በ1811 የላይፕሲኩ አሳታሚ ብራይትኮፕፍ ኡንድ ኸርተል ሥራውን በፈረንሳይኛው አርእስት ጭምር አወጣው። ቤትሆቨን በደብዳቤ ተቃወመ፤ የጀርመንኛው ቃል ከልብ ለአንድ ሰው የሚባል ሲሆን የፈረንሳይኛው ለጉባኤና ለከተማ ሁሉ የሚባል ነው ሲል አስረዳ። ሆኖም ዓለም የአሳታሚውን ስም ይዞ ቀረ።

ለሥራ ስም ማውጣት የነጋዴው ሳይሆን የሠሪው መብት ነው እንላለን። ስለዚህ ፕሮግራም የምታዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የምታስተምሩንም መምህራን፣ ከእንግዲህ «ዳስ ሌበቮል» ብላችሁ ጻፉልን፤ ከሥሩም «ደኅና ሁን» ብላችሁ ተርጕሙልን። ይህ ወጪ የለውም፤ አድማጩ ግን ሦስቱን አኮርዶች ሲሰማ ማን ለማን እንደሚናገር ያውቃል።