የወፏን ነጸብራቅ ከውሃው እንውሰድ

የስልካችን አፖች ዛሬ ውሃ በሌለበት ውሃ ያፈሳሉ። አንዲት ወፍ ፎቶ አንስተን አንድ ቁልፍ ስንነካ ምስሏ ተገልብጦ እግሯ ሥር ይቀመጣል፤ "ዋው!" የሚል ኮሜንትም ይጎርፋል። የማኅበራችን መጽሔት ግን እንዲህ ያለውን ምስል ፎቶ ብሎ ማውጣት የለበትም እላለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ እውነተኛው ቅርባችን ነው። አሌክሳንድሪያ አካባቢ ላላችሁ ሀንትሊ ሜዶውስ ፓርክ አለ፤ ረግረጉ ላይ የተዘረጋው የእንጨት መንገድ ሄሮንና ነጩ ኢግሬት ከሚያድኑበት አጠገብ ያደርሳል። ፖቶማክ ዳር ደግሞ ዳይክ ማርሽ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ለምንኖረው ስላይጎ ክሪክ ደጃችን ነው።

ሄሮን ለጀማሪ የምትመች ወፍ ናት፤ ዓሣ ስትጠብቅ ለደቂቃዎች ንቅንቅ አትልም። ነፋስ ሳይነሳ ማለዳ ድረሱ። በተቻለ መጠን ዝቅ ብላችሁ አንሱ። ካሜራችሁ ላይ ፖላራይዘር ካለ አውልቁት፤ ነጸብራቁን ያደበዝዘዋል። የመንቆሯ ነጸብራቅ እንዳይቆረጥ ከታች ሰፊ ቦታ ተዉ። ኢግሬት ከሆነች ብርሃኑን ቀነስ አድርጉ፤ አለበለዚያ ላባዋ ባዶ ወረቀት ይመስላል። አንገቷን ቀና አድርጋ እናንተን ማየት ከጀመረች ግን በጣም ቀርባችኋል፤ ወደ ኋላ መለስ በሉ።

ኤዲት ማድረግን አልቃወምም። መቁረጥ፣ ማቃናት፣ ብርሃን ማስተካከል የሥራው አካል ነው። ፎቶው ማዘንበሉን ለማወቅ የመንቆሩን ጫፍና የነጸብራቁን ጫፍ እዩ፤ አንዱ በቀጥታ ከሌላው በታች መሆን አለበት። ነጸብራቁ አብዛኛውን ጊዜ ከወፏ ጠቆር ይላል፤ እኩል ለማድረግ አትታገሉ።

ተገልብጦ የተለጠፈውን የሚያጋልጠው ሌላም ነገር አለ። ውሃው ወፏን የሚያያት ከታች ነው። ስለዚህ እውነተኛው ነጸብራቅ ሆዷንና የመንቆሯን ሥር ያሳያል፤ የአፑ ግን ያንኑ ከላይ ያየነውን ጀርባ ይደግመዋል። ውሃው ካሜራችን ያላየውን ያሳየናል፤ አፑ ግን ምንም አዲስ ነገር አይነግረንም።

ነርሲንግ ስማር ደጋግሞ የሚነገረኝ ነገር ቻርት ላይ ያላየሁትን እንዳልጽፍ ነው። የታካሚው ትንፋሽ ሳይቆጠር 16 ተብሎ ቢጻፍ ቁጥሩ ያምራል፤ ቀጣዩ ነርስ ግን አምኖ ይሠራበታል። ፎቶም እንዲሁ ነው፤ የሚያየው ሰው ያምነዋል።

ስላይጎ ክሪክ መጨረሻው አናኮስቲያ ወንዝ ነው። ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በእያንዳንዱ ፌስታል 5 ሳንቲም የሚያስከፍለው ያን ወንዝ ለማጽዳት ነው። ሄሮኗ አጠገብ የተንሳፈፈውን ፌስታል በጣታችን ካጠፋነው፣ ፎቶው በቴሌግራም የሚደርሳት አያታችን "የአሜሪካ ውሃ እንዴት ንጹሕ ነው!" ብትል አይፈረድባትም። ሀገር ቤትም አብያታ ሐይቅ አለ። ለመስኖና ለሶዳ አሽ ምርት ውሃው ሲወሰድ ቆይቶ ዳርቻው በጣም ሸሽቷል። ፍላሚንጎዎቹ የቆሙበትን ጭቃ በኤአይ ውሃ ሞልተን ብናወጣ፣ መነገር ያለበትን ነገር እኛው ደበቅነው ማለት ነው።

"ለውበት ነው፣ አርት ነው" የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። አርት ከሆነ አርት ብለን እንጥራው፤ ችግሩ ዝም ስንል ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1982 ሽፋኑ እንዲያምርለት የጊዛን ፒራሚዶች በኮምፒውተር አቀራርቦ አወጣ። ይኸው ከ40 ዓመት በላይ አልፎት እስካሁን ለማስጠንቀቂያ ይጠቀሳል። ያ ሁሉ ስም ያለው መጽሔት ካልተረፈ፣ እኛ በምን እንተርፋለን?

ስለዚህ ለአዘጋጆቻችን ሐሳቤ ይኸው። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር አንድ መስመር ይጻፍ፦ የት እንደተነሳ፣ ምን እንደተስተካከለ። የተጨመረ ወይም የጠፋ ነገር ካለ በግልጽ ይነገር። ፌስታሉን የማትፈልጉት ከሆነ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዳችሁ አንሱ፤ ከዚያም የሚደረስበት ቦታ ከሆነ፣ ወፏ ስትሄድ አንሱትና ጣሉት።