ተደጋፊው ሲመራ፦ የተማሪዎች ክበባት፣ አመራርና ፍትሐዊነት በትምህርት ኮሌጅ

በዩኒቨርሲቲዎች ካሉት ኮሌጆች መካከል የትምህርት ኮሌጅን ልዩ የሚያደርገው በውስጡ የሚለመደው ነገር፣ መልካምም ይሁን መጥፎ፣ በግቢው አጥር ተወስኖ የማይቀር መሆኑ ነው። የሌላ ሙያ ተመራቂ በተማሪነት ዘመኑ የለመደው አድልዎ በአመዛኙ የሥራ ባልደረቦቹን ሲነካ፣ ዕጩ መምህሩ የለመደው አድልዎ ግን በየዓመቱ ከፊቱ ለሚቀመጡ ልጆች ሁሉ ይተርፋል። በመሆኑም በትምህርት ኮሌጅ የሚቋቋሙ የተማሪዎች ክበባትና የአመራር ሥልጠናዎች የሙያው ትምህርት አካል እንጂ የትርፍ ጊዜ ሥራ አይደሉም። ክበባቱ ፍትሐዊነትን የሚያጸኑትም በሚሰጡት ድጋፍ ብዛት ሳይሆን፣ ድጋፉ የታሰበላቸው ተማሪዎች ራሳቸው ሥራውን በሚመሩበት መጠን ነው።

እኩልነትና ፍትሐዊነት ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ሐሳብ ቢነገሩም ልዩነት አላቸው። እኩልነት ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ማዳረስ ሲሆን፣ ፍትሐዊነት ግን ሁሉም ከአንድ ዓይነት ውጤት መድረስ እንዲችሉ ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገውን ማሟላት ነው። መምህሩ ለክፍሉ ተማሪዎች በሙሉ አንድ ዓይነት ሃንድአውት ቢያድል እኩልነትን ጠብቋል፤ ጽሑፉ በብሬል ወይም በድምፅ ካልቀረበለት ግን ማየት ለተሳነው ተማሪ የደረሰው ባዶ ወረቀት ነው።

የአገሪቱ ሕግ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ሆነ ከዚያ በኋላ የወጡት የከፍተኛ ትምህርት አዋጆች፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 650/2001 እና እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1152/2011፣ በትምህርት ዕድል ወደ ኋላ የቀሩ የኅብረተሰብ ክፍሎች ልዩ ድጋፍ እንዲያገኙ መሠረት ጥለዋል። ሴቶችና ከታዳጊ ክልሎች የሚመጡ ተማሪዎች ዝቅ ባለ የመግቢያ ነጥብ ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ መደረጉ የዚሁ አሠራር አካል ነው። ይሁን እንጂ አዋጅ በር ቢከፍትም፣ ከበሩ ወዲያ ያለውን የዶርም፣ የቤተ መጻሕፍትና የቡድን ሥራ ኑሮ ሊያስተካክል አይችልም። ይህ ክፍተት በአብዛኛው የሚሞላው በተማሪዎች መካከል በሚፈጠር መደጋገፍ ነው።

ተማሪን የፍትሐዊነት ሠራተኛ የማድረግ ሐሳብ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር፤ አብዛኞቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች ማንበብና መጻፍን አስተማረ። የእነዚህ ጥረቶች ዋጋ ከፍተኛ ነው፤ ብዙ የከተማ ልጆች አገራቸውን ያወቁት በእነሱ ነውና። ሆኖም ሦስቱም የታቀዱት ከላይ ነበር፤ የገጠሩ ነዋሪ የሚማረውን፣ የሚማርበትን ጊዜና መንገድ በመወሰን ረገድ የነበረው ድርሻ ትንሽ ነበር። ተደጋፊውን ተቀባይ ብቻ አድርጎ የማየት ልማድ ወደ ዛሬው ክበባትም ተሻግሯል።

የዚህን ልማድ ጉዳትና የተቃራኒውን ጥቅም ለመረዳት፣ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በሚማሩባቸው ግቢዎች የተለመደውን በፈቃደኝነት የማንበብ አገልግሎት በቅርበት ማየት ይጠቅማል። አንባቢው ተማሪ በሚመቸው ሰዓት መጥቶ፣ የመሰለውን ምዕራፍ ጮክ ብሎ አንብቦ ወይም በስልክ ቀድቶ ሲሄድ በጎ ሥራ ሠርቷል፤ አድማጩ ግን በሌላው ጊዜና ምርጫ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። የአንባቢዎችን ድልድል የሚያወጡት፣ የሚነበበውን የሚመርጡትና አዲስ አንባቢዎችን የሚያሠለጥኑት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ራሳቸው ሲሆኑ ግን ግንኙነቱ መልኩን ይለውጣል። በጽሑፉ መሐል ሠንጠረዥ ሲያጋጥም አንባቢው «እዚህ ጋ ሠንጠረዥ አለ» ብሎ እንዳያልፍ አሠልጣኙ ያስቆመዋል፤ በመጀመሪያ ዓምዶቹ ስንት እንደሆኑና ምን ምን እንደሚሉ፣ ቀጥሎም እያንዳንዱን ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲናገር ያደርገዋል። በዚህ ሰዓት እየተማረ ያለው አንባቢው ነው። ወደ ሰሌዳው እያመለከተ «ይህን ከዚያ ጋር ስናነጻጽረው» የሚል መምህር ከክፍሉ ተማሪዎች ቢያንስ አንዱን እንደሚተው የሚገባው፣ ከልዩ ፍላጎት ትምህርት ኮርስ ይልቅ በዚህ ልምምድ ነው።

ለሴት ተማሪዎች የሚዘጋጀው የማጠናከሪያ ትምህርት፣ በተለምዶ ቱቶሪያል የሚባለው፣ ተመሳሳይ ፈተና አለበት። አስተማሪዎቹ ሁልጊዜ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው ወንዶች ከሆኑ፣ ትምህርቱ ውጤት ቢያሻሽልም «ዕውቀት ከወንድ ይመጣል» የሚለውን የቆየ እምነት አብሮ ያስተምራል። ተመሳሳዩን ፈተና ያለፉ የላይኛው ዓመት ሴት ተማሪዎች ሲያስተምሩና ሲመሩ ግን ጀማሪዋ ተማሪ ከትምህርቱ ጋር የነገ ራሷን ታያለች። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የክፍል ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር የሴት መምህራን ድርሻ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ሴት ዕጩ መምህራንን ለአመራር ማብቃት ለብዙ ሺህ ልጃገረዶች የሚተርፍ ጉዳይ ነው።

የመሪ አመራረጥም የራሱ ትምህርት አለው። በአንድ ወቅት በየግቢው ተዘርግቶ የነበረው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ጎበዙን ተማሪ መሪ፣ ሌሎቹን ተከታይ ያደርግ ነበር፤ ከበላይ የወረደና ለፖለቲካ ቁጥጥርም የዋለ ስለነበር የብዙዎችን እምነት አጥቶ ቀረ። ከዚህ መረዳት የሚቻለው መሪነት በነጥብ ሲታደል ቀድሞ የነበረውን ልዩነት እንደሚያጸና፣ በትእዛዝ ሲታደል ደግሞ ተቀባይነት እንደሚያጣ ነው።

በዚህ አካሄድ ላይ የሚነሳ ተገቢ ስጋት አለ። ተማሪዎችን በጾታ፣ በአካል ሁኔታ ወይም በመጡበት አካባቢ ማደራጀት በብሔር ግጭት ሲፈተኑ የቆዩትን ግቢዎች ይበልጥ ይከፋፍላል የሚሉ አሉ። ስጋቱ ሊናቅ አይገባም፤ ይሁንና መከፋፈልን የሚያመጣው በሩን የዘጋ ማኅበር ነው። በተጎዱት የሚመራ፣ በአባልነት ግን ለሁሉም ክፍት የሆነ ክበብ፣ ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ ተማሪዎችን በአንድ ሥራ ዙሪያ ስለሚያገናኝ የሚያቀራርብ ነው።

እንግዲህ የትምህርት ኮሌጆች ኃላፊነት በየካቲት መጨረሻ አዳራሽ አስውቦ የሴቶችን ቀን በማክበር የሚፈጸም አይሆንም። የክበባቱ ሥራ ከማስተማር ልምምድ ጋር ተያይዞ ሊመዘን፣ የሊቀመንበርነት ቦታ በዙር ሊያዝ፣ የክበባቱ ተወካዮችም ስለ ፈተናና ስለ መማሪያ ጽሑፍ በሚወስነው አካዳሚክ ኮሚሽን ውስጥ ድምፅ ሊኖራቸው ይገባል። ይህ ሲሆን ተመራቂው ዲግሪውን ይዞ ወደተመደበበት ወረዳ ሲሄድ አብሮት የሚሄድ ልማድ ይኖረዋል፤ ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ ሥሎ ሲያበቃ ጠመኔውን አስቀምጦ፣ ዓምዶቹንና ረድፎቹን አንድ በአንድ በቃል ይናገራል።