ለሃያ አራቱ ቃላት ውክልና የለም

አዲስ ስልክ ስንገዛ ጂሜይሉን የሚከፍትልን፣ ቴሌግራሙን የሚጭንልን፣ የይለፍ ቃሉንም ራሱ መርጦ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ የሚሰጠን የሞባይል ቤቱ ልጅ ነው። የአይፎን አካውንታቸው በየትኛው ኢሜይል እንደተከፈተ የማያውቁ ብዙ ሰዎች አሉ። በቴሌብር ገንዘብ ለማውጣት ሄደው ፒናቸውን ለወኪሉ ጮክ ብለው የሚነግሩ እናቶችም አይቻለሁ። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ታማኝ ነው። ነገር ቢበላሽም መመለሻ አለው፤ ሲም ካርዱ በስማችን ተመዝግቧል፣ ባንኩ መታወቂያችንን ያውቃል፣ ሒሳብ ይታገዳል፣ ፒን ይቀየራል።

ይህ ልማዳችን ወደ ክሪፕቶ ሲሻገር ግን ያስፈራኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 የቴሌግራም ጨዋታዎቹ ኖትኮይንና ሃምስተር ኮምባት በየሰፈሩ ሲነካኩ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ዋሌት የሚለውን ቃል ያልሰማ ወጣት ማግኘት ከባድ ነው። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችንም፣ እዚህ ሆነው በኢንተርኔት ለውጭ ደንበኛ የሚሠሩ ልጆችም፣ ሃርድዌር ዋሌት ስለሚባለው ትንሽ መሣሪያ ይጠይቁኛል። ጥያቄያቸው ሁለት ነው፦ የትኛውን ልግዛ? ማንስ ያስተካክልልኛል? ለመጀመሪያው ብዙ መልስ አለ። ለሁለተኛው መልሴ አንድ ነው፦ ማንም።

እግረ መንገዴን፦ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መግለጫ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። አገር ውስጥ ያለ አንባቢ ይህን ይወቅ፣ አሁን ያለውንም ሕግ ይጠይቅ። እኔ ግዙ አልልም። የያዘ ሰው እንዳይዘረፍ ነው የምጽፈው።

ሳንቲሙ መሣሪያው ውስጥ የለም። ቢትኮይኑ ያለው በዓለም ዙሪያ በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ በተገለበጠው የብሎክቼይን መዝገብ ላይ ነው። መሣሪያው የሚይዘው ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰውን የግል ቁልፍ ነው። ፊርማው እዚያው ውስጥ ስለሚፈጸም ቁልፉ ወደ ስልኩ ወይም ወደ ኮምፒውተሩ አይወጣም፤ ስልኩ ቫይረስ ቢኖርበት እንኳ አያገኘውም። የቼኩ ትሬዞር እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ ሲውል የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ የመጀመሪያው ነበር፤ የፈረንሳዩ ሌጀር ተከተለው። እንዲህ ያለ መሣሪያ መጀመሪያ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ 12 ወይም 24 የእንግሊዝኛ ቃላት ከ2,048 ቃላት ዝርዝር መርጦ ያሳያል። ቁልፉ የሚወለደው ከእነዚህ ቃላት ነው። መሣሪያው ቢጠፋ ወይም ቢሰበር፣ ሌላ ገዝቶ ቃላቱን ማስገባት ገንዘቡን እንዳለ ይመልሳል። በዚያው ልክ ቃላቱን ያየ ሰው መሣሪያውንም ፒኑንም ሳይፈልግ፣ በሌላ አገር ተቀምጦ፣ ገንዘቡን ማንሣት ይችላል። ዛሬ አይቶ ከሁለት ዓመት በኋላ ገንዘቡ ሲጠራቀም ሊመጣበት ይችላል። ከሄደ በኋላ አቁሙልኝ ተብሎ የሚደወልበት ቢሮ የለም።

ከአሜሪካ የመጣ የአክስቴ ልጅ መሣሪያውን ከነካርቶኑ ይዞ ቤቴ መጥቶ ነበር። ስክሪኑ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ያሉት ሁለት ቁልፎች ብቻ ናቸው። ፒኑን መርጦ ቃላቱ ሊወጡ ሲሉ "ባክህ አንተ ጻፍልኝ፣ የእኔ ጽሑፍ አይነበብም" አለኝ። እምቢ አልኩት። ላፕቶፑን ዘግቼ፣ ስልኩን ከእጁ ተቀብዬ ሳሎን ወጣሁ። ስልኩን የወሰድኩት ፎቶ እንዳያነሣ ነው። በስልክ የተነሣ ፎቶ ባለቤቱ ሳያስበው ጎግል ላይ ሊቀመጥ ይችላል። የእኛ ሰው ደግሞ መታወቂያውንም ፓስፖርቱንም ደረሰኙንም የሚያስቀምጠው ቴሌግራም ላይ ለራሱ በመላክ ነው። ቃላቱን እዚያ የላከ ሰው መሣሪያውን ባይገዛ ይሻለው ነበር፤ ከኢንተርኔት ለማራቅ ብሎ የገዛውን ነገር መልሶ ኢንተርኔት ላይ ሰቅሎታል።

ጽፎ ሲጨርስ አንድ ሥራ ሰጠሁት። ለሙከራ ጥቂት ዶላር አስገባ፣ ከዚያ መሣሪያውን አጥፍተህ ከወረቀቱ መልሰው አልኩት። የእሱ ሌጀር ነበር፤ ሌጀር ፒን ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ራሱን ባዶ ያደርጋል። ሆን ብሎ ሦስት ጊዜ ተሳሳተ። ትንሽ ቆይቶ ከክፍሉ ውስጥ "አልቀበል አለኝ!" ሲል ሰማሁት። ቃላቱን በሁለት ረድፍ ከላይ ወደ ታች ጽፏቸው ኖሯል፤ ቁጥር ግን አልሰጣቸውም። አሁን ወደ ጎን እያነበበ ያስገባል። ከበሩ ውጭ ሆኜ "ቁጥር አለው?" አልኩት፤ ዝም አለ። ከዚያ ረድፉን ተከትሎ ሲያስገባ ተከፈተለት። ገንዘቡ በሙሉ ገብቶ፣ ዓመት አልፎ፣ ወረቀቱን ያገኘችው ባለቤቱ ብትሆን ኖሮ ያን ረድፍ ማን ይነግራታል? ለዚህ ነው ሳይሞክሩ ገንዘብ ማስገባትን የምቃወመው። እያንዳንዱ ቃል ቁጥር ይኑረው፣ በእንግሊዝኛው እንደወጣ በግልጽ ፊደል ይጻፍ። ለማስታወስ ይቀለኛል ብሎ ትርጉሙን በአማርኛ መጻፍ ገንዘብ ያስቀራል፤ መሣሪያው የሚቀበለው ያንኑ ቃል ብቻ ነው።

መሣሪያው ከአምራቹ ወይም ከታወቀ ወኪሉ ይገዛ። ካርቶኑ ውስጥ ቃላቱ ቀድመው ተጽፈው ከመጡ ወጥመድ ነው፤ የጻፋቸው ሰው ገንዘብ እስክታስገቡ እየጠበቀ ነው። ቃላቱ መታየት ያለባቸው በእናንተ ፊት፣ በመሣሪያው ስክሪን ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። መተግበሪያውንም ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የሌጀርን መተግበሪያ የሚመስል ሐሰተኛ መተግበሪያ በማይክሮሶፍት መደብር ገብቶ ሰው ዘርፏል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ከሌጀር ደንበኞች መረጃ የ270 ሺህ ያህሉ ስም፣ አድራሻና ስልክ ኢንተርኔት ላይ ተበትኗል። ከዚያ በኋላ በፖስታ ሐሰተኛ መሣሪያ "ይህን ተጠቀሙ" ከሚል ደብዳቤ ጋር የደረሳቸው ሰዎች አሉ። በስልክም ይምጣ በደብዳቤ፣ በቴሌግራምም ይሁን "የድጋፍ ሠራተኛ ነኝ" ብሎ፣ ቃላቱን የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው።

ገንዘብ ሲላክ ስክሪኑን ማንበብም ቀላል ነገር አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ቫይረስ ኮፒ ያደረጋችሁትን አድሬስ በሌላ ሊቀይር ይችላል፤ ላፕቶፑ ላይ የምታዩት ትክክል መስሎ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። እውነቱን የምታዩት ትንሹ ስክሪን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ባይቢት ከተባለው ድርጅት 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሰረቅ ፈራሚዎቹ ሃርድዌር ዋሌት በእጃቸው ነበር። ኮምፒውተራቸው ላይ የተለመደ ዝውውር አዩ፤ የፈረሙት ግን ሌላ ነበር። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ድርጊቱን የሰሜን ኮሪያ ሰርጎ ገቦች እንደፈጸሙት አስታውቋል። ዩኤስዲቲ የምትልኩ ደግሞ ኔትወርኩንም አመሳክሩ፤ የትሮኑና የኢቴሪየሙ አንድ አይደለም።

ወረቀቱ የት ይቀመጥ ለሚለው፣ የክረምት ፍሳሽ የማያገኘው፣ ቤት የምታጸዳ ልጅ ጣለችው የማይባልበት፣ ከመሣሪያው የተለየ ቦታ ይሁን። ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቤት ቢኖር መልካም ነው። በብረት ላይ የተቀረጸውን እሳትም ውኃም አይነካውም፤ ግን ቀለበት ላይ ስም ለሚቀርጸው ባለሙያ አትስጡት። የፊደል መቅረጫ ገዝታችሁ ራሳችሁ ምቱት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሞት ነው። ቃላቱን ለማንም ያልነገረ ሰው ሲሞት ገንዘቡም አብሮት ይቀበራል። ኑዛዜ ላይ ልጻፈው የሚሉኝ አሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ቃላቱ እዚያ ከተጻፉ አራት ሰዎች ሰሟቸው ማለት ነው። ኑዛዜው ላይ የሚጻፈው እንዲህ ያለ ንብረት መኖሩና ለማን እንደሚሰጥ ብቻ ይሁን። የታሸገው ፖስታ የት እንዳለ ለባለቤታችሁ ወይም ለምታምኑት ልጃችሁ ለብቻ ንገሩ፤ መሣሪያው ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚመለስም በአማርኛ አንድ ገጽ ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩ።

አሁን ይህን እያነበባችሁ መሣሪያችሁን ያስተካከለላችሁ ሌላ ሰው ከሆነ፣ ወይም ቃላቱ ስልካችሁ ውስጥ ካሉ፣ ፒን መቀየር አይበቃም። ፎቶውን ማጥፋትም አይበቃም። ብቻችሁን ተቀምጣችሁ በሌላ መሣሪያ አዲስ ቃላት ፍጠሩ፣ መልሳችሁ ሞክሩት፣ ከዚያ ገንዘቡን በሙሉ ወደ አዲሱ አድሬስ አዛውሩ። ለነገ አታሳድሩት።