የአሮጌውን ካሜራ ዋጋ የሚወስነው ፊልሙ ነው

እ.ኤ.አ. በ2010 በቪየና በተካሄደ ጨረታ አንድ የእንጨት ሣጥን 732 ሺህ ዩሮ አወጣ። ሣጥኑ እ.ኤ.አ. በ1839 በፓሪስ በአልፎንስ ዢሩ የተሠራና የሉዊ ዳጌር ፊርማ ያረፈበት ካሜራ ነበር። እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቁጥር “እንጨት ነው፣ ነሐስ አለው፣ አርጅቷል፤ ስለዚህ ውድ ነው” የሚለው ስሌት በአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ ይበረታል። ትልልቆቹን የፊልም ካሜራዎች ገዝቶና አቆይቶ ለማትረፍ የተነሳ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያስረው በዚሁ ስሌት ነው። ስሌቱ ግን ስህተት ነው።

የዢሩ ካሜራ የሙዚየም ዕቃ ነው። የቀሩት ጥቂት ስለሆኑ ፎቶግራፍ ቢያነሳም ባያነሳም ለዋጋው ለውጥ አያመጣም። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ግን ሌላ ነው፤ ካለፈው ምዕተ ዓመት የተረፈ፣ ፋብሪካ በብዛት ያመረተው የሥራ ዕቃ ነው። ለምሳሌ የአሜሪካው ስፒድ ግራፊክ ካሜራ ከ1912 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ለ60 ዓመታት ያህል ሲመረት ኖሯል። በዘመኑ የጋዜጣ ፎቶግራፈር ሁሉ መታወቂያ ነበር ማለት ይቻላል። በ1945 የአሜሪካ ወታደሮች በኢዎ ጂማ ደሴት ባንዲራ ሲተክሉ የሚታዩበትን ዝነኛ ፎቶግራፍ ጆ ሮዘንታል ያነሳው በዚሁ ካሜራ ነው። ዝናው ትልቅ ቢሆንም ስፒድ ግራፊክ ብርቅ አይደለም። ብርቅ ያልሆነ ዕቃ ደግሞ የሚፈለገው ሥራ እስከሠራ ድረስ ነው። “ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ” የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሸቀጥ ነው።

ለመሆኑ በዚህ ዘመን ይህን ከባድ ዕቃ ማን ይፈልገዋል? መልሱ በፊልሙ ስፋት ላይ ነው። የስፒድ ግራፊክ ፊልም እንደ ክር የሚጠቀለል ሳይሆን አንድ በአንድ የሚገባ 4 በ5 ኢንች የሆነ ሉህ ነው። ይህ ሉህ ከተለመደው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ምስል በስፋት 15 ጊዜ ያህል ይበልጣል። 8 በ10 ኢንች የሆነው ደግሞ 60 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የሕንፃ፣ የመልክዓ ምድርና የሰው ገጽታ ፎቶግራፍ የሚያነሱ ባለሙያዎች የሚከፍሉት ለዚህ ጥራት ነው። የዚህ ገበያ ዋነኛ ደንበኛ እንግዲህ ዕቃውን በመደርደሪያ ላይ የሚያሳምረው ሰው ሳይሆን ከቤት ይዞት የሚወጣው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የ4 በ5 ኢንች የፊልም መያዣ ልኩ ስታንዳርድ የወጣለት በመሆኑ ከሰባ ዓመት በፊት የተሠራ ካሜራ ዘንድሮ ከፋብሪካ የወጣ ፊልም ይጎርሳል። የካሜራውን ዋጋ ደግፎ የያዘው ይህ ነው። ልኩ ያልተለመደ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። 6 ከግማሽ በ8 ከግማሽ ኢንች የሆነ ፊልም የሚፈልግ ካሜራ ምንም ያህል ቢያምር፣ ባለቤቱ የእንግሊዙ ኢልፎርድ በዓመት አንድ ጊዜ ለልዩ ልዩ መጠኖች የሚቀበለውን ትዕዛዝ መጠበቅ አለበት። እንዲህ ያለውን ካሜራ በ4 በ5ቱ ሒሳብ የገዛ ነጋዴ ዕቃው ለምን እንደማይንቀሳቀስ ሲገርመው ይኖራል።

ፊልሙ ከነጭራሹ ሲጠፋ የሚሆነውም ታይቷል። ፖላሮይድ እ.ኤ.አ. በ2008 ፈጣን ፊልም ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ። የጃፓኑ ፉጂም ቆይቶ የራሱን የ4 በ5 ኢንች ፈጣን ፊልም አቆመ። ለእነዚህ ፊልሞች የተሠሩት መያዣዎች አልተሰበሩም፣ አልዛጉም፤ ነገር ግን የሚጎርሱት አጡ። ፊልም የሌለው ካሜራ ይዞ ትርፍ መጠበቅም “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ነው።

ፊልም አምራቾቹም ቢሆኑ የማይነቃነቁ አይደሉም። ኢልፎርድ እ.ኤ.አ. በ2004 ከስሮ በባለ ዕዳ አስተዳዳሪ እጅ ገባና በማግስቱ ዓመት የራሱ ሥራ አስኪያጆች ገዝተው ሐርማን ቴክኖሎጂ በሚል ስም አስቀጠሉት። ታላቁ ኮዳክም በጥር 2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ በ2013 ከዚያ ወጥቷል። ሁለቱም ዛሬ ድረስ ሉህ ፊልም ያመርታሉ። የሚያመርቱት ለትዝታ ሲሉ ሳይሆን የሚገዛ ስላለ ነው። በ2014 በእንግሊዝ አገር ኢንትሬፒድ የተባለ አነስተኛ ድርጅት ተቋቁሞ አዳዲስ የ4 በ5 ካሜራዎችን ከእንጨት መሥራት መጀመሩም አዲስ ገዢ እንዳለ ያመለክታል።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ለነጋዴው ግልጽ መሆን አለበት። የአሮጌው ካሜራ ዋጋ በፊልሙ፣ የፊልሙ ምርት ደግሞ በሚሠሩ ካሜራዎች ቁጥር ላይ ቆሟል። አንድ ጤነኛ ካሜራ ከሥራ ሲወጣ አንድ የፊልም ደንበኛ አብሮት ይሄዳል። ሆኖም በገበያው ውስጥ ይህን የሚያፋጥኑ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኛው ገዝቶ በመስታወት ሣጥን የሚቆልፈው ሰብሳቢ ነው። ሁለተኛው ሙሉውን ዕቃ ገዝቶ ሌንሱን ለብቻ፣ መያዣውን ለብቻ፣ አካሉን ለብቻ የሚቸበችበው ነጋዴ ነው። ሶማሌ ተራ መኪና ሲፈታ ያየ ሰው ይህን ሥራ ለመረዳት አይቸገርም።

ፈትቶ የሚሸጠው ነጋዴ መከራከሪያ የለውም አይባልም። ሌንሱ ለብቻው ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ከሙሉው ካሜራ ያላነሰ ያወጣል፤ ሌንሱም በሌላ ካሜራ ላይ ሊሠራ ይችላል። የተሰበረ ወይም የተቃጠለ ዕቃ ከሆነ መፈታቱ ተገቢ ነው፤ ሌሎች የሚድኑበት መለዋወጫ ይሆናል። ጤነኛውን መፍታት ግን ለመኪናም አያዋጣ፣ ለካሜራ ደግሞ ይብሳል። መኪና ቢፈታ አዲስ ይመጣል፤ ስፒድ ግራፊክ ግን ከ1973 ወዲህ አዲስ አልተሠራም። የዛሬዋን ትርፍ የሚያሰላ ነጋዴ የነገ ገበያውን አብሮ እየሸጠ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ገዢውም ቢሆን የራሱ ግዴታ አለበት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና የነሐሱ ማብረቅረቅ ሊያታልለው አይገባም። በመጀመሪያ የሚታየው እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋው ወናፍ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ መብራት በውስጡ አስገብቶ በተለይ የእጥፋቱን ማዕዘኖች ማየት ያስፈልጋል፤ መርፌ የምታህል ቀዳዳ ፊልሙን ታበላሻለች። ቀጥሎ የሌንሱ ሻተር በ1 ሰከንድ ላይ ይሞከራል፤ ከተንቀረፈፈ ወይም ከቆመ ማጽዳትና መጠገን ይፈልጋል። ሌንሱ በመብራት ሲታይ ሻጋታ ወይም በዳሩ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ካሳየ፣ ሻጋታው መስታወቱን መያዙን፣ ቀለሙ ደግሞ ማጣበቂያው መልቀቁን ይናገራል። ከኋላ ያለው ደብዛዛ መስታወት መሰንጠቅ አለመሰንጠቁም፣ የፊልም መያዣዎቹ ከዕቃው ጋር መኖር አለመኖራቸውም የዋጋው አካል ናቸው። “ይሠራል ግን አልሞከርኩትም” የሚል ሻጭ ዕቃው ለጥገና የሚያስፈልገውን ወጪ ቀንሶ ሊሸጥ ይገባል።

ከአዲስ አበባ ሆኖ ወይም ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ለሚገዛ ሰው ደግሞ አንድ ሒሳብ ይጨመራል። ካሜራው የሚገዛው አንድ ጊዜ ሲሆን ፊልሙ ግን የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቀው ሁልጊዜ ነው። በተጨማሪም በአውሮፕላን ሻንጣ የሚጫን ያልታጠበ ፊልም በራጅ መፈተሻው ሊበላሽ ስለሚችል በእጅ መያዝና በእጅ እንዲፈተሽ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ያላሰበ ገዢ ርካሽ አገኘሁ ብሎ ውድ ጌጥ ይዞ ይቀራል።

ስለዚህ ይህን ዕቃ ለመግዛት ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ስለ ካሜራው ዕድሜ ከመጠየቁ በፊት ስለ ፊልሙ ይጠይቅ። ምን ልክ ይጎርሳል? ፊልሙን ማን ያመርተዋል? ከየት ይገኛል? መልስ ካገኘ ዕቃውን በሙሉው ይግዛ፣ ያስጠግን፣ ሲሸጥም ለሚሠራበት ሰው በሙሉው ይሽጥ። እንዲህ የተሸጠ ካሜራ በመጋዘኑ የቀሩትን የሌሎቹንም ዋጋ ያስከብርለታል።