ሰም፣ ወርቅና የተረሳው ጭቃ

በዘመናችን አንድ ዓይነት መንገደኛ በዝቷል። ገንዘቡን ለዓመታት አጠራቅሞ ወደ ጃፓን የሚበረው ሕንፃ ለማየት ወይም ዕቃ ለመሸመት አይደለም። በኪዮቶ ወይም በማሺኮ ከአንድ አረጋዊ ሸክላ ሠሪ ፊት ተቀምጦ ጭቃ እንዴት እንደሚታሽ ለማየት፣ ከተፈቀደለትም የገዛ እጁን ጭቃ ለማስነካት ነው። ማልዶ ይነሣል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ አጐንብሶ እጅ ይነሣል። የሽማግሌውን ጣቶች ሲያይ ውሎ ወደ አገሩ ሲመለስ «ጥበብን አየሁ» ብሎ ይጽፋል።

መልካም ጉዞ ነው፤ አላንኳስሰውም። ሀደሮ ተቀምጦ በባንክ መስኮት ጀርባ ብር ሲቈጥር የሚውል፣ ማታ ማታ ግጥም የሚሞክር እንደ እኔ ያለ ሰው እንዲህ ያለውን ጉዞ ቢመኝ አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ምኞቱን ባገላበጥሁት ቍጥር አንድ ጥያቄ ይጐረብጠኛል። ጃፓን ድረስ ሄደን ልንሰግድለት የምንመኘውን እጅ በገዛ ገበያችን ስናገኘው ለምን ፊታችንን እናዞራለን?

ወደ ጃፓን ማማተር ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ልዑክ ሆነው ጃፓንን ጐበኙ፤ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፋቸውንም ለአንባቢ አበረከቱ። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1946 ዓ.ም.፣ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን መጽሐፍ አሳተሙ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥታችን ራሱ የጃፓንን ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር። የዚያ ትውልድ ጥያቄ፣ ከአውሮፓ ውጭ ያለ ሕዝብ በትምህርት፣ በፋብሪካና በጦር ኃይል ከኃያላን እኩል መቆም የቻለው እንዴት ነው የሚል ነበር። ጠላት በደጅ ለቆመበት ሀገር ተገቢ ጥያቄ ነው። በእኛም ዘመን የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሞ የጃፓን የአሠራር ሥርዓት በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እንግዲህ ከጃፓን ሕጉን ወሰድን፣ ማሽኑን ገዛን፣ የሥራ ሥርዓቱን ተማርን። እጁን ግን ብዙም ልብ አላልነውም።

ኅሩይ ጃፓንን ባዩበት ዓመት፣ በ1931 እ.ኤ.አ.፣ ያናጊ ሶኤትሱ የተባለ ጃፓናዊ ጸሐፊ በኪዮቶ ዳይቶኩጂ ገዳም ውስጥ አንድ ጽዋ ለማየት ሄደ። ጽዋው «ኪዛኤሞን» ይባላል፤ በሻይ ሥርዓት ሊቃውንት ዘንድ ከጽዋዎች ሁሉ የበላይ ሆኖ የኖረ፣ ዛሬም የጃፓን ብሔራዊ ሀብት ተብሎ የሚጠበቅ ዕቃ ነው። ይህ ጽዋ ሲሠራ ለንጉሥ ማዕድ አልተሠራም። ያናጊ እንደ ጻፈው፣ ስሙ የማይታወቅ የኮሪያ ሸክላ ሠሪ ለድኻ ሰው የሠራው ተራ የሩዝ መብሊያ ነበር። ያናጊም ውበቱ የመጣው ከዚሁ ከተራነቱ ነው አለ። ሠሪው ሊደነቅ ሳይሆን ሰው ሊበላበት ሠራው፤ ስለዚህም አማረ።

ያናጊ ብቻውን አልነበረም። ከሁለት ሸክላ ሠሪ ወዳጆቹ፣ ከሐማዳ ሾጂና ከካዋይ ካንጂሮ ጋር ሆኖ፣ በ1925 እ.ኤ.አ. «ሚንጌይ» የሚል ቃል ፈጠረ፤ የሕዝብ የእጅ ሥራ ማለት ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ለዚሁ ሥራ ሙዚየም ተከፈተ። መንግሥት ደግሞ በ1950 እ.ኤ.አ. የባህል ሀብት ጥበቃ ሕግ አወጣ። ከ1955 ጀምሮ ሸክላ ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሰይፍ ሠሪውን በስም እየጠራ በሀገር ሀብትነት ይመዘግብ ጀመር። ሕዝቡ እነዚህን ሰዎች «ሕያው የሀገር ሀብት» ይላቸዋል። ለእያንዳንዳቸው በየዓመቱ 2 ሚሊዮን የን ይሰጣል፤ ሙያቸውን እንዲያጐለብቱና ተተኪ እንዲያስተምሩበት ነው። ሐማዳ ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዱ ነበር። የተቀመጠባት ማሺኮ ቀድሞ ለቶኪዮ ማድ ቤቶች የውኃ ማሰሮና ድስት የምትሠራ የገጠር መንደር ነበረች፤ ዛሬ የዓለም መንገደኛ ይጐርፍባታል።

ይህን ስል ጃፓንን ገነት ማድረጌ አይደለም። ሸክላ ሠሪውን ያከበረች ሀገር ቆዳ ፋቂውን ስታዋርድ ኖራለች። ቆዳ የሚያለፉና ከብት የሚያርዱ ወገኖች በትውልዳቸው ብቻ ርኩስ ተብለው በተለየ መንደር ይኖሩ ነበር። በ1871 እ.ኤ.አ. መንግሥት ይህን ልዩነት በዐዋጅ ሻረ፤ ንቀቱ ግን በዐዋጅ አልተሻረም። ተናቂዎቹ ራሳቸው በ1922 ስለ ክብራቸው ማኅበር ማቋቋም ነበረባቸው። ከዚህ የምንረዳው፣ እጅን ማክበርም ሆነ ማዋረድ የአንድ ሕዝብ ተፈጥሮ አለመሆኑን ነው። ሰዎች ይመርጡታል፤ የመረጡትንም ሊለውጡት ይችላሉ።

እኛስ ምን መረጥን? የቋንቋችንን ጓዳ እንፈትሽ። «ጥበብ» የሚለው ቃል ዕውቀት ነው፤ ኪነት ነው፤ በቀሚስ ጫፍ ላይ የሚያምረውም ጥልፍ ጥበብ ይባላል። «ጠቢብ» ብልኅና ዐዋቂ ነው። ከዚያው ሥር የወጣው «ጠይብ» ግን ስድብ ሆነ። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣልንን፣ ጭቃ አቡክቶ ጀበና የሚሠራልንን ሰው፣ ጠቢብ ብለን ማመስገን ሲገባን ጠይብ ብለን ሰደብነው፤ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ብለን ልጆቻችንን አስፈራራንበት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። እንደ ጃፓኑ ሁሉ የእኛም ዐዋጅ ከሰው ልብ ደጃፍ ቆሞ ቀረ።

ለእኛ ለግጥም ወዳጆች ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። የቅኔያችን ዋና መመኪያ «ሰምና ወርቅ» ነው። ይህን ስም ከማን ወሰድነው? ከአንጥረኛ። አንጥረኛው መጀመሪያ የሚፈልገውን ጌጥ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ያፈስሳል። ሊቃውንቱ ይህን አይተው ለቅኔ ስም አወጡለት። ሰሙ ስም አገኘ፣ ወርቁም ስም አገኘ። ሁለቱን ያቀፈው፣ እሳቱን ችሎ የቆመው፣ በመጨረሻም ተሰብሮ የተጣለው ጭቃ ግን ያለ ስም ቀረ። አንጥረኛውም አብሮት ቀረ። በሰምና ወርቅ የምንመካ ሰዎች፣ ሰሙን ያቀለጠውን ሰው ከማዕዳችን ስናርቅ ኖረናል።

በእኛ በከምባታና በሐድያ ምድር ይህ ነገር የሩቅ ታሪክ አይደለም። ሸክላ የሚሠሩ ወገኖቻችን የሚጠሩበት ቃል አለ፤ ለመሸጫ እንጂ ለማክበሪያ ያልወጣ ቃል በመሆኑ እዚህ አልጽፈውም። ያገሬ ሰው የትኛውን ቃል ማለቴ እንደ ሆነ ያውቀዋል። አባቶቻችን እነዚህን ወገኖች ከቤት አያስገቧቸውም፣ በአንድ ዕቃ አብረዋቸው አይበሉም፣ ከእነርሱ ጋር አይጋቡም ነበር። አሉላ ፓንክረስትና ዴና ፍሪማን በደቡብ ኢትዮጵያ ስለ ተገለሉ ባለ እጆች ባዘጋጁትና በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፍ ውስጥ የከምባታም ነገር ተጽፏል። እርግጥ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ላልቷል። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ፣ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳውን ሸርሽረውታል። ጋብቻ በተነሣ ጊዜ ግን የድሮው ሹክሹክታ ከየጓዳው ይወጣል፤ «የማን ልጅ ናት?» ይባላል።

የሚገርመው፣ ያለ እነርሱ እጅ ኑሯችን ጐዶሎ መሆኑ ነው። ቡናችን በጀበና ይፈላል። አተካናው ከቡላና ከቅቤ የሚሠራው በሸክላ ድስት ነው። ጠላው በጋን ይጠመቃል፤ እንጀራው በምጣድ ይጋገራል። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ከሩቅ ቈፍራ በጀርባዋ ታመጣለች። ታደርቀዋለች፣ ትወቅጠዋለች፣ ትነፋዋለች፣ ታቦካዋለች። በብዙ አካባቢ ያለች ሸክላ ሠሪ የተሰበረ ገል አድቅቃ ከአዲሱ አፈር ጋር ትቀላቅላለች፤ ገሉ አዲሱ ጭቃ በእሳት እንዳይሰነጠቅ ይደግፈዋል። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚለውን ተረት እርሷ ጋኑ ከመሠራቱ በፊት ትፈጽመዋለች። መንኮራኩር የላትም፤ ትልቁን ጋን ስትሠራ ጋኑ አይዞርም፣ እርሷ ትዞረዋለች። ጃፓኖች እጅግ የሚያከብሩት የራኩ ጽዋም እንዲሁ ያለ መንኮራኩር በእጅ ብቻ የሚበጅ ነው። ከዚያ ሜዳ ላይ ትተኩሰዋለች። የእሳቱን ልክ የሚነግራት መሣሪያ የለም፤ ዓይኗ ብቻ ነው። ነፋስ ቢነሣ ወይም ዝናብ ቢመጣ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ሰዓት ገል ይሆናል። ተርፎ የወጣውን ለገበያ ስታቀርብ፣ በሱቅ ለፕላስቲክ ጀሪካን የተጠየቀውን ከፍሎ የወጣው ሰው ለእርሷ ጋን ግን ግማሹን ዋጋ ይሰጣል፤ ጣቱን እንዳትነካውም ብሩን ከመሬት ያስቀምጥላታል።

በእኔ መስኮት የዝንጅብል ነጋዴ ይመጣል፤ የቡና ነጋዴ ይመጣል። መያዣ የምንለው ቤትና መኪና ነው፤ ሁለት እጅ መያዣ አይሆንም። ይህን የባንክ ሕግ ልወቅስ አላነሣሁትም። በወረቀት ላይ ያለው ሚዛን በልባችን ካለው ሚዛን የተቀዳ መሆኑን ለመናገር ነው።

ጉዞው በተቃራኒው አቅጣጫ መደረጉንም እናስታውስ። የኪዮቶዋ ተመራማሪ ሞሪዬ ካኔኮ ወደ ደቡብ ኦሞ፣ ወደ አሪ መጥተው ከሸክላ ሠሪ እናቶች ጋር ተቀምጠዋል፤ የጣቶቻቸውን እንቅስቃሴ አንድ በአንድ መዝግበዋል። ልጅ ከእናቷ ጐን ሆና ብትማርም የራሷን አሠራር እንደምታበጅ አሳይተዋል። እንግዲህ ያገራችን ሸክላ ሠሪ እጅ ከኪዮቶ ድረስ መጥተው የሚያጠኑት ዕውቀት ነው። እኛ ግን በሠፈራችን ያለውን አናውቀውም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል ማለት ይህ ነው።

«ታዲያ ሙያው ይጠበቅ፣ ልጆቻቸውም እንዳይተዉት እንምከራቸው» የሚል ደግ ሰው ይነሣ ይሆናል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባናል። ሙያው ይኑር ማለት ሰዎቹ በሙያው ታስረው ይኑሩ ማለት አይደለም። ያቺ የሸክላ ሠሪ ልጅ ሐኪም ልትሆን፣ በእኔ ወንበርም ልትቀመጥ መብቷ ነው። እናቷ የተሰደበችበትን ጭቃ ብትሸሽ ማን ይወቅሳታል? የሸሸችው ጭቃውን ሳይሆን ስድባችንን ነው። ሐማዳ ሾጂ በቶኪዮ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ወድዶና መርጦ ሸክላ ሠሪ የሆነ ሰው ነበር። በጃፓን የሸክላው በር ለፈለገ ተከፈተ። በእኛ ዘንድ ግን በሩ በትውልድ ተቈልፏል፤ ውስጥ ያለው እንዳይወጣ፣ ውጭ ያለውም እንዳይገባ።

ስለዚህ መለኪያዬ ይህ ነው። ለእጅ ሥራ ያለን ክብር ጀበናን በሳሎን መደርደሪያ ላይ በማኖር፣ ወይም የባህል ቀን ሲደርስ ሸክላ ሠሪዎችን አሰልፎ ፎቶ በማንሣት አይለካም። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ያለ ኀፍረት ሌላ ሥራ ስትመርጥ፣ የእኔና የአንተ ልጅ ደግሞ ያለ ኀፍረት ከእናቷ ዘንድ ሄዳ «እማማ፣ ያስተምሩኝ» ስትል ያን ጊዜ ሙያው ከበረ እላለሁ። ሁለቱ ነገሮች ካልተፈጸሙ ግን ጋኖቹም አያልቁም የሚል ተስፋ የለኝም። «ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» ስንል የኖርነው ስለ ሰው ነበር፤ አንድ ቀን ስለ ጋኑ ስለራሱ እንዳንለው እፈራለሁ።

ወደ ጃፓን የምትሄዱ ሂዱ፤ መልካም መንገድ። ከሽማግሌው ፊት ስታጐነብሱ ግን ያገራችሁን እናት አስቧት። እርሷን ለማየት ቪዛ አያስፈልግም። ጠጋ ብሎ በስሟ መጥራት፣ የጠየቀችውን መክፈል፣ ስትጋብዝ በዕቃዋ መብላት፣ በእድሩ መዝገብ ላይ ስሟን ከስማችን እኩል መጻፍ ይበቃል። አዲስ ጀበና ቡና ሳይፈላበት በፊት እንደሚሟሸው ሁሉ፣ የእኛም ልብ መሟሸት ያስፈልገዋል።

እሳት ያየው አፈር ጀበና ከሆነ፣
አፈሩን ያቦካ እጅ ለምን ባከነ?
ቡናውን ጠጣነው ከእጇ ሥራ ቀድተን፣
እሷን ደጅ አቁመን እኛ ከቤት ገብተን።
አፈር ያነሣ እጅ ሰው ፊት ለምን ያፍር?
እኛም እሷም ጋኑም ሁላችን ነን አፈር።