በብርሃን ሳያለማምዱ ወደ ጨለማ ማስገባት



«ስልክ እያለ ፊልም ማጠብ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ ዘንድሮ ከአንዳንድ ወላጆች ቀርቦልናል። ፊልም ገንዘብ ስለሚያስወጣ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሳችንም እነሆ።

የፎቶ ክበብ አባላት ፊልም የሚያጥቡት እዚሁ ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ በአንድ መምህራችን ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ፣ የበሩ ሥር በብርድ ልብስ ይደፈናል። ፎቶ በወረቀት ሲታተም ቀይ መብራት ይፈቀዳል፤ ፊልሙ ግን ፍጹም ጨለማ ይፈልጋል። 36 ፎቶ የሚይዘውንና 1.6 ሜትር ያህል የሚረዝመውን ፊልም ሪል በሚባለው መጠምጠሚያ ላይ የሚያስገቡት በዳበሳ ነው። መብራት የሚበራው የታንኩ ክዳን ከተገጠመ በኋላ ነው።

በከተማችን ትልቁ ጠላት ላብ ነው። እርጥበት የነካው ፊልም መጠምጠሚያው ላይ ይጣበቃል። በኃይል ከተገፋ ይታጠፋል፤ ዙሮቹ ከተነካኩም ኬሚካሉ ስለማይደርሳቸው ምስሉ ይበላሻል። ዘንድሮ ከተመራቂዎቻችን ፎቶዎች ዘጠኙን ያጣነው በዚህ ምክንያት ነው። ፊልሙን የጠመጠመችው ተማሪ አለቀሰች። ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር፤ በብርሃን ሳናለማምዳት ወደ ጨለማ አስገባናት።

ከዚያ ወዲህ አንድ የተበላሸ ፊልም ለልምምድ መድበናል። ተማሪው መጀመሪያ ዓይኑን ገልጦ፣ ቀጥሎም ጨፍኖ ይጠመጥማል። አሥር ጊዜ ሳይሳሳት ሲጨርስ ወደ ጨለማው ይገባል። እጁንም ሪሉንም በደንብ ያደርቃል። ፊልሙ እንቢ ካለ አይታገለውም፤ ቆም ብሎ ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

በአካባቢያችን ፎቶ ማጠብ ድሮም አስቸጋሪ ነበር። ኋላ ታጁራ የኖረው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ከሐረር የራሱን ፎቶዎች ለቤተሰቡ ሲልክ፣ በማጠቢያው ውሃ መጥፎነት እንደነጡበት ጽፏል። ወደፊት የተሻለ እንደሚሠራም በዚያው ደብዳቤ ገልጿል።

ስልክ የተበላሸውን ሰርዞ ወዲያው ሌላ ያነሳል። በሕይወት ግን እንደ ፈተና አዳራሽ አንዴ ተሠርቶ የማይመለስ ሥራ ብዙ ነው። ልጆቻችን ለዚያ አስቀድመው የሚዘጋጁበት፣ ሲሳሳቱም የማይዋረዱበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ፊልሙ የሚያስወጣው ገንዘብ ለዚህ የሚከፈል ነው ብለን እናምናለን።

ያቺ ተማሪ ልምምዷን ጨርሳ ሌላ ፊልም ጠመጠመች፤ 36ቱም ደህና ወጡ። ወላጆች ሆይ፣ ቤታችሁ ጊዜው ያለፈበት ፊልም ካለ አትጣሉት፤ ለልምምድ ስጡን።